72 ግራም ወርቅ በ200 ብር

በአዶላና በሻኪሶ ወርቅ የሚነገረው በግራም ነው። ሲቆፍርና አፈር ሲያጥብ የዋለ ሰው ማታ ሚዛን ላይ የሚያኖረው አንድ ግራም የማይሞላበት ቀን ብዙ ነው። ያንኑ መንገድ ይዞ ወደ ነገሌ ቦረና ለሚወርድ መንገደኛ የ1958ቱን የወርቅ ሳንቲሞች ክብደት ቢነግሩት ማመን ይቸግረዋል።

በዚያ ዓመት ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ 75ኛ ዓመት ልደትና ሥልጣን ለያዙበት 50ኛ ዓመት መታሰቢያ ባለ 10፣ 20፣ 50፣ 100 እና 200 ብር የወርቅ ሳንቲሞች ተመቱ። ጨው ሊገዛባቸው አልነበረም፤ በስብስብ ተደርገው የሚቀመጡ ነበሩ። ትንሹ 4 ግራም፣ ትልቁ 80 ግራም ይመዝናል። አምስቱ በአንድ ላይ 152 ግራም ናቸው፤ ከዚህ ውስጥ 136.8 ግራሙ ንጹሕ ወርቅ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ሒሳቡ ነው። በአምስቱ ላይ የተጻፈው ዋጋ ሲደመር 380 ብር ይመጣል። አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2.50 ብር ይመነዘር ስለነበር 152 ዶላር መሆኑ ነው። ወርቅ ደግሞ በይፋ ዋጋው በትሮይ አውንስ 35 ዶላር ነበርና በውስጣቸው ያለው ወርቅ 154 ዶላር ያህል ያወጣ ነበር። የተጻፈውና የተመዘነው ሊገጥሙ ምንም አልቀራቸውም! ዛሬ አውንሱን በ2,000 ዶላር ብቻ ብናሰላው እንኳ፣ ያኔ 80 ዶላር የነበረው ባለ 200 ብር ወርቁ ብቻ ከ4,600 ዶላር ይበልጣል።

ያ ሳንቲም 72 ግራም ንጹሕ ወርቅ አለው። ከአንድ ቶን ድንጋይ 4 ግራም ይወጣል ብንል፣ ለአንዲቱ ሳንቲም 18 ቶን ድንጋይ መፈጨት አለበት። የተመታው ደግሞ ከ8,000 በላይ ነው፤ የዚህ ዓይነቱ ብቻ ከግማሽ ቶን በላይ ወርቅ ወስዷል።

በ1970 ዓ.ም. ለዱር እንስሳት ጥበቃ የወጣው ባለ 600 ብር ሌላ መንገድ ሄደ። ዋልያ የተቀረጸበት ይህ ሳንቲም ንጹሕ ወርቁ 30 ግራም ገደማ ሲሆን ያኔ 200 ዶላር እንኳ አይሞላም ነበር፤ የተጻፈበት ዋጋ ግን በዚያን ጊዜው ምንዛሪ 290 ዶላር ያህል ነው። የተመታው በመቶዎች ብቻ ነው። ከእሱ ጋር በወጣው ባለ 25 ብር የብር ሳንቲም ላይ ያለው የደጋ አጋዘን ነው፤ ከነገሌ ገናሌን ተሻግሮ በባሌ ተራሮች የሚኖረው።

ከወላጆቻችሁ የተረፈ እንዲህ ያለ ሳንቲም ካላችሁ አታጽዱት፣ ወደ ወርቅ ሠሪ ወስዳችሁም አታስቀልጡት።