ሰዋስው ከጉሮሮ አልወጣም

«ሰው መናገር የጀመረው መቼ ነው?» የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር ደጋግሞ ይመጣል። የፓሪስ የሥነ ልሳን ማኅበር በ1866 ደንቡን ሲያወጣ ስለ ቋንቋ አመጣጥ የሚጻፍ ነገር ጨርሶ አልቀበልም ብሎ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። አልፈርድበትም። አንዱ የአውሬና የወፍ ድምፅ ከመኮረጅ መጣ ይላል፣ ሌላው ከሕመምና ከደስታ ጩኸት ነው ይላል፣ የሚዳኝ ማስረጃ ግን የለም።

ምላስ አጥንት የለውም ይባል የለ? የቅሪተ አካል ተመራማሪዎች ራስ ምታት ይኸው ነው። ጉሮሮም ምላስም በስብሰው ይጠፋሉ። አልፎ አልፎ የምትተርፍ አንዲት ቀጭን አጥንት አለች፤ ከምላስ ግርጌ የምትቀመጥ፣ ከሌላ አጥንት ጋር ያልተጋጠመች፣ ሃዮይድ የምትባል። እሷን ካስገኙልን ጥቂት ቦታዎች አንዱ አፋር ነው። የዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን በ2000 ዲኪካ ላይ ያገኛት የ3.3 ሚሊዮን ዓመቷ ሕፃን ሰላም ሃዮይዷ አብሯት ነበር። ከድንጋዩ ለማላቀቅ በጥርስ ሐኪም መሣሪያ ጭምር እየፈቀፈቁ ዓመታት ፈጅቷል። ሲታይ የቺምፓንዚና የጎሪላን ይመስላል። እስራኤል ውስጥ ከባራ ዋሻ የተገኘው፣ 60 ሺህ ዓመት ግድም ያስቆጠረው የኒያንደርታል ሃዮይድ ደግሞ ከእኛው ጋር እጅግ ተመሳሳይ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ «በቃ፣ ጉሮሮው ተስተካከለ፣ ንግግር መጣ» ብሎ ፋይሉን ይዘጋል። እኔ አይዋጥልኝም። በ2016 ቴኩምሴ ፊችና ባልደረቦቹ ማካክ የተባለው ጦጣ ሲበላና ሲጮህ በራጅ ቪዲዮ ቀርጸው፣ አፉና ጉሮሮው ምን ምን ድምፅ ሊያወጣ እንደሚችል በኮምፒውተር አሰሉ። ለመረዳት የሚበቃ ንግግር ያወጣል። የጎደለው ጉሮሮ ሳይሆን ጉሮሮውን የሚያዝ አእምሮ ነው።

ድምፅን ጭራሽ ትተን ቺምፓንዚን በእጅ ብቻ እናስተምር ያሉም ነበሩ። በ1970ዎቹ ኒው ዮርክ ውስጥ ኸርበርት ቴራስ ኒም የተባለ ቺምፓንዚ የምልክት ቋንቋ እንዲማር በሰው ቤት አሳደገው። ኒም ከመቶ በላይ ምልክት ለመደ። ከተመዘገበለት ሁሉ ረጅሙ ንግግር 16 ምልክት ነበረው። በእኛ ቋንቋ ስናስቀምጠው፦ ስጥ ብርቱካን እኔ ስጥ ብላ ብርቱካን እኔ ብላ ብርቱካን ስጥ እኔ ብላ ብርቱካን ስጥ እኔ አንተ። ብርቱካን መፈለጉ ገብቶናል! ግን አሥራ ስድስቱም ምልክቶች ከሁለቱ ወይም ከሦስቱ የበለጠ ነገር አልነገሩንም። ቴራስ ራሱ በ1979 ይህ ሰዋስው አይደለም ብሎ ጻፈ።

ሰዋስው ምን እንደሚሠራ ለማየት «ውሻው ልጁን ነከሰው» እና «ልጁ ውሻውን ነከሰው» የሚሉትን አስተያዩ። ቃላቱ እነዚያው ናቸው፤ አንዲት «ን» ቦታ ስትቀይር ሐኪም ቤት የሚወሰደው ሌላ ይሆናል። ታዲያ እንዲህ ያለው ነገር ከየት መጣ? ሲፈጠር በዓይን የታየበት አንድ ቦታ አለ።

ኒካራጓ ውስጥ እስከ 1970ዎቹ ድረስ መስማት የተሳናቸው ልጆች በየቤታቸው ተበታትነው ነበር የሚያድጉት። ሁሉም ከቤተሰቡ ጋር የሚግባባበት የራሱ የእጅ ምልክት ነበረው እንጂ የጋራ ቋንቋ አልነበራቸውም። በ1977 ማናጓ ውስጥ ልዩ ትምህርት ቤት ሲከፈት 50 ያህሉ ተሰባሰቡ፤ በ1983 በሁለት ትምህርት ቤቶች ከ400 በላይ ሆነዋል። መምህራኑ ስፓኒሽ ከከንፈር እንዲያነቡ ይታገሉ ነበር፣ ብዙም አልተሳካም። ልጆቹ ግን በመጫወቻ ሜዳውና በአውቶቡሱ ውስጥ፣ ማንም ሳያስተምራቸው፣ ከቤት ያመጡትን ምልክት እየተዋሱና እያዋሐዱ የራሳቸውን ቋንቋ ሠሩ። በ1986 መንግሥት ነገሩን እንድታይለት የጠራት አሜሪካዊቷ የቋንቋ ሊቅ ጁዲ ኬግል ስትደርስ፣ ትንንሾቹ ከትልልቆቹ ይልቅ ፈጣንና ሥርዓት ያለው ምልክት ይጠቀሙ ነበር።

ልዩነቱ ምን እንደሆነ በደንብ ያሳየው በ2004 የታተመው የአን ሴንጋስና የባልደረቦቿ ጥናት ነው። ሲልቬስተር የተባለው የካርቱን ድመት የቦውሊንግ ኳስ ውጦ ቁልቁለቱን እየተንከባለለ ሲወርድ ለማናጓ ተማሪዎችና ለሰሚዎች አሳይተው «ተርኩልን» አሏቸው። ሰሚ ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ሲያወሩ እጃቸውን እያሽከረከሩ ባንድ እንቅስቃሴ ቁልቁል ይወስዱታል። መጀመሪያ የገቡት ተማሪዎችም በአብዛኛው እንዲሁ። በኋላ የገቡት ግን ይቆርጡታል፦ መጀመሪያ መንከባለል፣ ከዚያ ለብቻው መውረድ። ባንድ ላይ ማሳየቱ እኮ የበለጠ ድርጊቱን ይመስል ነበር! መቆራረጡ ግን ሌላ ጥቅም አለው። ለብቻው የቆመ «መውረድ» ነገ ከመዝለል ጋር፣ «መንከባለል» ደግሞ ከመውጣት ጋር ይጋጠማል። ከጥቂት ቁራጮች ስፍር ቁጥር የሌለው ዓረፍተ ነገር የሚወጣው እንዲህ ነው። ኒም ያልደረሰበትም ይኼው ነው።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። የማናጓ ልጆች የእኛው ዓይነት አእምሮ ይዘው ነው የተወለዱት፤ አእምሮው ራሱ እንዴት ለዚህ እንደበቃ አይነግሩንም። ኖም ቾምስኪ ቁልፉን የከፈተው አንድ ትንሽና ድንገተኛ ለውጥ ነው ባይ ነው። ስቲቨን ፒንከርና ፖል ብሉም ደግሞ በ1990 ቋንቋም እንደ ዓይን በተፈጥሮ ምርጫ ቀስ በቀስ ነው የተገነባው ብለው ተከራክረዋል። ልቤ ወደ ሁለተኛው ያደላል፤ ባንድ ሌሊት የተሠራ ውስብስብ አካል አላውቅማ። ሁለቱም ግን ሥራውን ሁሉ በአእምሮ ላይ መጫናቸው ያስቸግረኛል። ሱዛን ጎልዲን ሜዶው ቤት ውስጥ ለብቻቸው ያደጉ መስማት የተሳናቸው ልጆችን ዓመታት ስታጠና፣ ማንም ሳያሳያቸው ምልክቶቻቸውን በቅደም ተከተል እንደሚያሰልፉ አግኝታለች። ይህ ዝንባሌው አብሮ እንደሚወለድ ያሳያል፣ ለእነ ቾምስኪም ለእነ ፒንከርም ነጥብ ነው። ነገር ግን የብቸኛው ልጅ ምልክት ተረካቢ ታናናሾች ስለሌሉት ከዚያ እምብዛም አይራመድም፤ የማናጓው ከእያንዳንዱ አዲስ የአንደኛ ክፍል ገቢ ጋር እያደገ ሄደ።