ተጨማሪ መረጃ፦ የከተማ ዛፍ ባለሙያ ምን ይሠራል?

የአንድ ሰፈር ነዋሪዎች ዛፍ ለመትከል ወይም ለመቁረጥ ሲያስቡ የከተማ ደን ባለሙያ ሊያማክሩ ይችላሉ። ባለሙያው ሥራውን የሚጀምረው ከቆጠራ ነው። የእያንዳንዱን ዛፍ ዝርያ ይመዘግባል፤ የግንዱን ውፍረት ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍ ብሎ ይለካል። ግንዱንም በመዶሻ መታ መታ እያደረገ ያዳምጣል፤ ውስጡ የበሰበሰ ዛፍ ባዶ ድምፅ ያሰማል። ሥሩ የእግረኛ መንገድ ማንሳቱን፣ ቅርንጫፉ ወደ ኤሌክትሪክ ሽቦ መጠጋቱንም ያያል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ “ምን ይተከል?” የሚለው ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ፍራንክ ሳንታሞር እ.ኤ.አ. በ1990 ባቀረበው መመሪያ መሠረት፣ ከአንድ ከተማ ዛፎች ውስጥ አንድ ዝርያ ከ10 በመቶ፣ አንድ ወገን ከ20 በመቶ፣ አንድ ቤተሰብ ከ30 በመቶ መብለጥ የለበትም። ለምሳሌ ነጭና ቀይ ባሕር ዛፍ በዝርያ ቢለያዩም ወገናቸው አንድ ነው፤ የሐበሻ ጽድና የፈረንጅ ጽድ ደግሞ ወገናቸው ቢለያይም በቤተሰብ ይገናኛሉ።

መመሪያው ያለ ምክንያት አልወጣም። ብዙ የአሜሪካ ከተሞች ጎዳናዎቻቸውን በኤልም ዛፍ ሞልተው ነበር። በጥንዚዛ የሚዛመት የፈንገስ በሽታ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ሲስፋፋ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዛፎች ደረቁ። በአዲስ አበባም ለረጅም ዘመን ባሕር ዛፍ ብቻ በነገሠበት እንጦጦ ላይ ዛሬ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ እየተተከሉ ነው።

ተግባር፦ በትምህርት ቤታችሁ ግቢ ያሉትን ዛፎች በዝርያ ለይታችሁ ቁጠሩ። ከ10 በመቶ የሚበልጠው የትኛው ነው?