ሃዲዱን ተረክበናል፤ ሙያውንስ?

ጥር 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የናጋድ ባቡር ጣቢያ በጅቡቲ ሲመረቅ፣ አዲስ አበባን ከወደቡ የሚያገናኘው 750 ኪሎ ሜትር ያህል የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር በሁለቱም ጫፍ ተከፈተ። መስመሩን የገነቡት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው። የንግድ አገልግሎት ከጀመረ በኋላም ሥራውን የማንቀሳቀሱና የመጠገኑ ኃላፊነት ስድስት ዓመት ያህል በቻይናውያን እጅ ቆየ። ከእነሱ በኋላ ማን ይነዳል? ማንስ ይጠግናል?

ጅቡቲ የሰጠችው አንዱ መልስ መጋቢት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. በጅቡቲ ከተማ የኢንዱስትሪና ንግድ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ይህም የሉባን ወርክሾፕ ነው። ስያሜው የቻይና የእጅ ባለሙያዎች እንደ አባት ከሚያዩት ጥንታዊ አናጺ የተወሰደ ነው። ቻይና በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ቤጂንግ ላይ በተካሄደው የቻይናና አፍሪካ ጉባኤ፣ በአህጉሩ 10 እንዲህ ዓይነት ማሠልጠኛዎችን ለማቋቋም ቃል ገብታ ነበር፤ ከአፍሪካ የመጀመሪያው የጅቡቲው ሆነ። የባቡር ሥምሪት፣ የሃዲድ ምሕንድስና፣ ንግድና ሎጂስቲክስ ይሠለጠንበታል።

የዚህ ማሠልጠኛ ትልቁ ቁም ነገር የልምምድ ቦታው በትምህርት ቤቱ አጥር አለመወሰኑ ነው። ሁለተኛው የመለማመጃ ስፍራ እዚያው ናጋድ ጣቢያ፣ ባቡሩ በሚገባበትና በሚወጣበት ቦታ ተደራጅቷል።

ይህ ለምን አስፈለገ? በሁለቱ ሃዲዶች መካከል ያለው ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር መሆኑን በቃል ለመያዝ አንድ ደቂቃ ይበቃል። በጅቡቲ ሐሩር ብረቱ ግሎ ሲለጠጥ ምን እንደሚሆን ማወቅ፣ መለኪያውን አጋድሞ ልዩነቱን ማንበብ፣ የላላውን ማሰሪያ ለይቶ ማጥበቅ ግን ጎንበስ ብሎ ካልሠሩት አይለመድም። ከባቡሩ በላይ የተዘረጋው ሽቦ ደግሞ 25,000 ቮልት ይሸከማል። ጠጋኙ ኃይሉ መቋረጡን ያረጋግጣል፤ በመሣሪያ ይፈትሻል፤ ሽቦውን ከመሬት ጋር ያገናኛል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ይነካል። ይህን ቅደም ተከተል የሳተ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ሠልጣኙ ኤሌክትሪክ በሌለው ሽቦ ላይ እጁ እስኪለምድ ደጋግሞ መሥራት አለበት።

የተግባር ቦታ ማቋቋም ማለት ማሽን ገዝቶ ሪባን መቁረጥ የሚመስለን ብዙዎች ነን። በአገራችን ቴክኒክና ሙያ ተቋማት የሚታየው ችግር ከዚህ ይጀምራል። ማሽኑ ይመጣል፤ የሚበየድ ብረትና ኤሌክትሮድ ግን አይመጣም። እንዳይበላሽ ተብሎ ይቆለፍበታል። አንዱ ሲሠራ ሌላው ዳር ቆሞ ያያል። አሠልጣኙም ከመማሪያ ክፍል ወጥቶ በቀጥታ ለማስተማር የገባ፣ በሥራ ቦታ ያልዋለ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሠልጥኖ የወጣ ወጣት የምስክር ወረቀት ቢይዝም ሥራውን በድፍረት አይጀምረውም፤ ጥፋቱም የእሱ አይደለም።

ሌላ መንገድ እንዳለ ድሬዳዋ ምስክር ናት። የቀድሞው ምድር ባቡር ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ከተማዋ የጥገናው ማዕከል ሆነች። በዚያ ወርክሾፕ ወጣቱ ከነባሩ ባለሙያ ጎን ቆሞ፣ እውነተኛ ፉርጎ እየፈታና እየገጠመ ሙያ ቀስሟል። ሥራውና ትምህርቱ አንድ ቦታ ነበሩ።

በግንቦት 2016 ዓ.ም. የአዲሱ መስመር ሥራ ከቻይና ኩባንያዎች ወደ ኢትዮ ጅቡቲ ምድር ባቡር ተላልፏል። የኩባንያው ድርሻ 75 በመቶ የኢትዮጵያ፣ 25 በመቶ የጅቡቲ ነው። ታዲያ ሥልጠናው ለምን በየፊናው ይሆናል? በአዲስ አበባ፣ በወቅቱ የኢትዮጵያ ቴክኒካል ዩኒቨርሲቲ ይባል በነበረው ተቋም በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የሉባን ወርክሾፕ ትኩረቱ የኢንዱስትሪ ቁጥጥርና ሮቦት ነው፤ የጅቡቲው ደግሞ ባቡር። አንዱ የሌላውን ጉድለት ሊሞላ ይችላል።

የጅቡቲው ሠልጣኝ ድሬዳዋ ላይ፣ የድሬዳዋውም ናጋድ ላይ የሚለማመድበት የጋራ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ኩባንያው ከዓመታዊ በጀቱ ለልምምድ የሚያልቅ ዕቃ ቋሚ ድርሻ ይመድብ፤ ጣቢያዎቹም ሠልጣኝን እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ነገው ባልደረባ ይቀበሉ። አሠልጣኞች በየጊዜው ወደ ጣቢያ ተመልሰው ይሥሩ። ምዘናውም ሠልጣኙ በሠራው ሥራ ይሁን። የአገራችን ገቢና ወጪ ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል ያልፋል፤ ይህ መስመር በተበላሸ ቁጥር ባለሙያ ከባሕር ማዶ እየጠሩ መኖር የምንችለው ወጪ አይደለም።