በድንገተኛ ክፍል ሌሊቱ ስለ ምን ይረዝማል?

ሕመም የጠናበትን ዘመዱን ደግፎ ወደ ሆስፒታል የሚሮጥ ሰው፥ አሳቡ ሁሉ ስለ መግባት ነው፤ ስለ መውጣት አያስብም። በአገራችን ሆስፒታሎች አንድ በሽተኛ በድንገተኛ ክፍል ከ24 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይፈለጋል፤ ከዚህ ያለፉትም ተቈጥረው ለጤና ሚኒስቴር ይነገራሉ። ነገር ግን በታላላቆቹ ሆስፒታሎች ሁለትና ሦስት ሌሊት በቃሬዛ ላይ የሚያድረው ጥቂት አይደለም።

ብዙዎቻችን ይህን የሐኪም ቸልታ አድርገን እንቈጥረዋለን። በሩ ላይ በሽተኛ የሚለየው እንደ አመጣጡ ተራ ሳይሆን እንደ ሕመሙ ጽናት ነው፤ ቀይ ምልክት የተሰጠው ወዲያው፥ አረንጓዴ የተሰጠው ቈይቶ ይታያል። ስለዚህ ኋላ የመጣው ፊት ቢገባ አድልዎ አይደለም። ከዚያም የደም ምርመራው፥ ራጁ፥ የልዩ ሐኪሙ መምጣት ይጠበቃል፤ አስታማሚውም የታዘዘውን መድኃኒት ፍለጋ ከተማውን ይዞራል። እነዚህ ሁሉ ሰዓታትን ይወስዳሉ። ቀናትን የሚወስደው ግን በመኝታ ክፍሎቹ ባዶ አልጋ መታጣቱ ነው። በሀብት የሚበልጡን እንግሊዞች እንኳ፥ ከ100 በሽተኞች 95ቱ በ4 ሰዓት ጊዜ ውስጥ እንዲሰናበቱ ወይም አልጋ እንዲይዙ ደንግገው ሳለ፥ ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ በአገር ደረጃ ሊፈጽሙት አልቻሉም። አንዱ ታላቅ ምክንያት ይኸው የአልጋ መጨናነቅ ነው።

አልጋውን የሚይዘው ማን ነው? እኛ ራሳችን ይዘነው እናውቃለን። አጎታችን ታክመው ተሽሏቸው፥ ሐኪሙ ሐሙስ ዕለት «ወደ ቤትዎ መሄድ ይችላሉ» አላቸው። እኛ ግን ቤቱ አልተሰናዳም፥ ከገጠር የሚመጡት ወንድሞችም አልደረሱም ብለን፥ እስከ ሰኞ እንዲቆዩልን ለመንን፤ ተፈቀደልንም። ደግ ሥራ የሠራን መስሎን ነበር።

ቅዳሜ ማታ በድንገተኛው ክፍል በኩል ስናልፍ፥ አንዲት እናት በአግዳሚ ወንበር ላይ ጋደም ብለው፥ ልጃቸው ግሉኮሱን በእጁ ከፍ አድርጎ ይዞ አየን። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቅነው።

«ከሐሙስ ጀምሮ ነው ጋሼ። አልጋ ሲለቀቅ ትገባላችሁ ብለውናል» አለን።

የትኛው አልጋ እንደሆነ አልጠየቅነውም። ወደ ላይ ተመልሰን የአጎታችንን ልብስ መጠቅለል ያዝን፤ እርሳቸውም ምን እንደነካን ግራ ገብቷቸው ይመለከቱን ነበር። የሒሳብ ክፍሉ ግን ተዘግቶ ነበርና፥ አልጋው የተለቀቀው ሰኞ ረፋድ ላይ ነው።