በውሃ የሚሟሟ ነገር የሚሰጠው ሙቀት እንዴት ይታወቃል?

ስኳር በሻይ ውስጥ ሲሟሟ ሳያዩ የዋሉበት ቀን ጥቂት ነው። ነገር ግን አንድ ነገር በውሃ ሲሟሟ ዐይን የማያየው ሌላ ሥራ አብሮ መሠራቱን ብዙ ሰው ልብ አይለውም፤ ይኸውም ሙቀት መስጠቱ ወይም መውሰዱ ነው። ጉዳዩ የተማሪ ቤት ትምህርት ብቻ መስሎ እንዳይታይዎ። ለሳሙና መሥሪያና ለተዘጋ የውሃ መውረጃ መክፈቻ የሚሆነው ኮስቲክ ሶዳ፣ ጠባዩን ሳያውቅ የሚነካውን ሰው ዐይን ሊያጠፋ ይችላል።

ለመሆኑ ይህ ሙቀት በምን ይሰፈራል? ቴርሞሜትር የሚነግረን የሙቀቱን ደረጃ እንጂ መጠኑን አይደለም። ስለዚህ ሊቃውንት ውሃውን ራሱን መስፈሪያ አደረጉት። አንዱን ግራም ውሃ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያሞቀውን ሙቀት አንድ ካሎሪ አሉት፤ ይህም 4.18 ጁል ያህል ነው። እንግዲህ የፈሳሹን ክብደት በጨመረው ዲግሪ ማባዛት ይበቃል።

ለምሳሌ፣ በላቦራቶሪ ውስጥ ሙቀት እንዳያሳልፍ ተደርጎ በተሸፈነ ዕቃ 200 ግራም ውሃ አለ፤ ቴርሞሜትሩም 20 ዲግሪ ያሳያል እንበል። 10 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ተጨምሮ ሲማሰል 32 ዲግሪ ደረሰ። ፈሳሹ 210 ግራም፣ ጭማሪው 12 ዲግሪ ነው። 210 በ12 ሲባዛ 2,520 ካሎሪ ይሆናል፤ ይህም ለ10 ሲካፈል አንዱ ግራም 252 ካሎሪ ሰጠ ማለት ነው። ኬሚስቶች ሞል በሚሉት መስፈሪያ፣ ማለት ለ40 ግራም ሶዳ፣ 10,080 ካሎሪ ይደርሳል። በጥንቃቄ ተለክቶ የታወቀው ግን 10,600 ገደማ ነው። ጉድለቱ በይበልጥ የመጣው ዕቃውና አየሩ ከሙቀቱ ድርሻቸውን ስለ ወሰዱ ነው።

ሁሉም ነገር ሲሟሟ ያሞቃል ማለት ግን አይደለም። ገበሬው የሚያውቀው የዩሪያ ማዳበሪያ ሲሟሟ ውሃውን ያቀዘቅዘዋል። ሒሳቡ ያው ሆኖ፣ ዲግሪው ስለሚወርድ ሙቀት ተወሰደ እንጂ ተሰጠ አይባልም።

አሁን ወደ ቤትዎ እንመለስ። ያ 2,520 ካሎሪ በ200 ግራም ውሃ ቢበተን ለብ ከማድረግ አያልፍም። ነገር ግን ይኸው ሙቀት 30 ግራም ውሃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ እስከ 100 ዲግሪ ሊያደርስ ይበቃል። በሶዳ ላይ ጥቂት ውሃ ያፈሰሰ ሰው ሙቀቱን ሁሉ በዚያች ጥቂት ውሃ ላይ ያከማቻል፤ ውሃውም በድንገት ፈልቶ ከነሶዳው ወደ ፊቱ ይፈናጠራል።

ስለዚህ ሶዳውን ቀስ እያሉ በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ይጨምሩ እንጂ ውሃውን በሶዳው ላይ አያፍስሱ። የአሉሚንየም ዕቃ ሶዳው ስለሚበላው አይጠቀሙበት። ዐይንዎን በመነጽር፣ እጅዎን በጓንት ይሸፍኑ። ምናልባት ዐይን ቢነካ ሳይዘገዩ በብዙ ንጹሕ ውሃ ደጋግመው ያጥቡና ወደ ሐኪም ይሂዱ። ሒሳቡን የተረዳ ሰው ጥንቃቄው ከንቱ ፍርሃት አለመሆኑን ያውቃል።