አውቶቡስ የሚዘገየው ከፌርማታ ነው

ስለ ከተማ አውቶቡስ በተነሣ ቁጥር የሚሰማው መልስ አንድ ነው፤ ይኸውም «አውቶቡስ ይጨመር» የሚል ነው። መጨመሩን የሚጠላ የለም። ነገር ግን አውቶቡስም ሆነ መለዋወጫው የውጭ ምንዛሪ ስለሚጠይቅ፣ እስኪጨመር ድረስ ባሉት ምን ይሠራ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የዚህ ጽሑፍ አሳብ የመልሱ ትልቁ ክፍል ፌርማታው ላይ እንደሚገኝ ማስረዳት ነው።

አንበሳ አውቶቡስ በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው ጠላት ከአገር ከወጣ በኋላ በ1930ዎቹ ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ከተማይቱ በየአቅጣጫው ሰፍታለች። ከመካከሏ ርቆ የሚኖረው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ኪሱ የሳሳው ሰው ነው። አውቶቡስ ሲቀርበት ታክሲ ልያዝ ቢል የምሳውን ገንዘብ ይከፍላል፤ በእግሬ ልሂድ ቢል ትምህርቱ ወይም ሥራው ያመልጠዋል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። በአንድ መስመር 12 አውቶቡሶች ተመድበዋል እንበል። አንዱ ደርሶ ለመመለስ 120 ደቂቃ ከፈጀበት፣ በየ10 ደቂቃው አንድ አውቶቡስ ይመጣል ማለት ነው። በደርሶ መልሱ 30 ፌርማታ ቢኖርና በእያንዳንዱ 1 ደቂቃ ቢቆጠብ፣ ጉዞው 90 ደቂቃ ይሆናል። በዚህ ጊዜ የ12ቱን ሥራ 9 አውቶቡሶች ይሠሩታል። የቀሩት 3 ያለ ምንም ወጪ የተገዙ ያህል ናቸው።

ይህች ደቂቃ በምን ትባክናለች? ትኬት አውቶቡሱ ውስጥ ሲቆረጥ ሁሉም በአንድ በር ይጋፋል። መቆሚያው በሌላ መኪና ሲያዝ አውቶቡሱ ከጥግ ርቆ ይቆማል፤ ሽማግሌውና ሕፃን ያዘለችው እናት አስፋልት ላይ ወርደው ለመሳፈር ይታገላሉ። በብራዚል የምትገኘው ኩሪቲባ ከተማ ይህን ችግር በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1991 ጀምሮ ባሠራቻቸው ፌርማታዎች አቃለለችው። ተሳፋሪው ገና ፌርማታው ሲገባ ይከፍላል፤ የፌርማታው ወለልም ከአውቶቡሱ ወለል ጋር እኩል ስለሆነ ደረጃ ሳይወጣ ይገባል።

ሁለተኛው ችግር አውቶቡስ ጠፍቶ ይቆይና ሁለት ተከታትለው መምጣታቸው ነው። ብዙዎቻችን ሾፌሮቹን እንወቅሳለን። ነገር ግን ትንሽ የዘገየ አውቶቡስ በሚቀጥለው ፌርማታ ብዙ ሰው ይጠብቀዋል፤ ያን ሁሉ ሲያሳፍር ይብሱን ይዘገያል። ከኋላው ያለው ጥቂት ሰው ብቻ ስለሚያገኝ ፈጥኖ ይደርስበታል። አውቶቡሶች በየ10 ደቂቃው ቢመጡ ጠባቂው በአማካይ 5 ደቂቃ ይቆማል፤ ሁለት ሁለት ሆነው በየ20 ደቂቃው ሲመጡ ግን 10 ደቂቃ ይቆማል። የአውቶቡሱ ቁጥር ሳይቀንስ ጥበቃው እጥፍ ሆነ። መድኃኒቱ ተቆጣጣሪ በመነሻውና በመስመሩ አጋማሽ ሆኖ ሰዓት እያየ ማስነሣቱ ነው።

ፌርማታው ራሱስ ምን ያስፈልገዋል? ለሐምሌ ዝናብ ጣራ፣ ለደካማ አግዳሚ ወንበር፣ ማታ ከቤተ መጻሕፍት ለምትመለስ እኅታችን መብራት ያስፈልገዋል። ከሁሉ የሚረክሰው ሰሌዳ ነው፤ የመስመሩ ቁጥር፣ መድረሻውና የመጨረሻው አውቶቡስ ሰዓት ቢጻፍበት እንግዳ ሰው ሾፌሩን በጥያቄ አያቆመውም።

እኛ ተማሪዎችም ልንሠራው የምንችለው አለ። ሁለት ሁለት ሆነን ለአንድ ሳምንት ጧት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ስድስት ኪሎ ፌርማታ ላይ ብንቆም፣ እያንዳንዱ አውቶቡስ መቼ እንደመጣ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆመና ስንት ሰው ጥሎ እንደሄደ መመዝገብ እንችላለን። ማኅበራችን ይህን መዝገብ ይዞ ለአውቶቡስ ድርጅቱ ቢያቀርብ፣ የምንጠይቀው «አሻሽሉልን» ብቻ አይሆንም፤ የትኛው መስመር በስንት ሰዓት እንደሚበላሽ እናሳያለን። ደብተርና ሰዓት ያለው ሁሉ ለዚህ ሥራ ይበቃል።