የበርሜሉ ሰውና የጀርመኑ ማመልከቻ

መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ ሲደርሱ ከዓይን ጆሮ ይቀድማል። መዶሻው ከጠዋት እስከ ማታ አያርፍም። አንዱ ሠራተኛ ባዶ በርሜል ፊት ቁጢጥ ብሎ፣ መሮውን ከጠርዙ ሥር ደቅኖ እየመታ ዙሪያውን ይሄድበታል። ክዳኑ ሲለቅለት ጎኑን ከላይ እስከ ታች ይሰነጥቀዋል፤ ዘርግቶም ይቀጠቅጠዋል። ትንሽ ቆይቶ ክቡ በርሜል ዝርግ ላሜራ ሆኖ ይገኛል። ከሱ የከሰል ምድጃ ይወጣል፤ ቁራጩም አይጣልም፣ እጀታ ይሆናል። ዕቃውን የሚያቀርቡት ቆራሌዎች ናቸው። «ቆርቆሮ ያለው!» እያሉ በየሰፈሩ ሲጣሩ ጥሪው አጥሮ ስማቸው ሆኖ ቀርቷል።

አርክቴክቶች «ዘላቂ ዲዛይን» የሚሉት ነገር ከዚህ ሰው ሥራ ብዙም አይርቅም። ሕንፃ ሲሠራ፣ ሲኖሩበትና ሲፈርስ የሚበላውን ቁስ፣ ኃይልና ገንዘብ ገና ከንድፉ ማስላት ነው። በዚህ መስመር ማስተርሱን መሥራት ለሚፈልግ ወጣት ከተከፈቱት በሮች አንዱ፣ የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ አገልግሎት (ዳአድ) ለታዳጊ አገሮች ባለሙያዎች የሚሰጠው ኢፖስ የተባለው ስኮላርሺፕ ነው። ከተማና ግንባታ ነክ ትምህርቶችም አሉበት። ወርሃዊ መተዳደሪያ፣ የጤና መድንና የጉዞ ወጪ ይሸፍናል። በአንጻሩ ቢያንስ 2 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ የመጨረሻው ዲግሪም በመደበኛው ከ6 ዓመት በላይ የቆየ መሆን የለበትም። አመልካቹ ትምህርቱ ለአገሩ ምን እንደሚረባም በደብዳቤ ያስረዳል። የ2 ዓመቱን ግዴታ እኔ እወደዋለሁ። ሲሚንቶ ጠፍቶ ሥራ ሲቆም በዓይኑ ያየ ሰው ስለ ቁሳቁስ የሚጠይቀው ጥያቄ ሌላ ነው።

እንዲህ ያለ ዕድል የት እንደሚያደርስ ያሳየው የቡርኪና ፋሶው አርክቴክት ፍራንሲስ ኬሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ጀርመን የገባው በስኮላርሺፕ አናጢነት ሊማር ነበር። በ1995 ሌላ ስኮላርሺፕ አግኝቶ በርሊን ቴክኒካል ዩኒቨርሲቲ አርክቴክቸር መማር ጀመረ። ገና ተማሪ ሳለ ገንዘብ አሰባስቦ በትውልድ መንደሩ በጋንዶ ትምህርት ቤት አሠራ፤ ግንባታው በ2001 አለቀ። ጡቡ ጥቂት ሲሚንቶ የገባበት የአካባቢው ሸክላ አፈር ነው። የቆርቆሮው ጣሪያ ከሸክላው ኮርኒስ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ በመካከል አየር ይመላለሳል፤ ሙቀቱም ክፍሉ ውስጥ አይታመቅም። ጣሪያውን የተሸከመው ደግሞ በየሱቁ የሚሸጠው ፌሮ ነው፤ መንደርተኞች ሠልጥነው በእጅ መጋዝ ቆርጠው በየዱት። ያን ብየዳ መርካቶ ውስጥ የሚያቅተው የለም። ኬሬ በ2022 የሙያው ታላቅ ክብር የሆነውን ፕሪትዝከር ሽልማት ሲቀበል ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆነ።

የኛዎቹም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ከመርካቶ ብዙ በማይርቀው ልደታ የሚገኘው፣ እስከ ዛሬ «ሕንፃ ኮሌጅ» የምንለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር ተቋቋመ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። ከዙሪኩ ኢቲኤች ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2010 ሱዱ የተባለ ባለ አንድ ፎቅ የሙከራ ቤት ከአፈር መሥራት ጀመረ። ወለሉንና ጣሪያውን የያዙት በስስ የአፈር ጡቦች የተገነቡ ቅስቶች ናቸው። ማያያዣው ቶሎ ስለሚደርቅ ብዙ የእንጨት ድጋፍ አይፈልግም። ውድ በሆኑት እንጨትና ብረት ፈንታ ከእግራችን ሥር ያለውን አፈር መጠቀም ነበር ሐሳቡ።

እኔ ብጠየቅ፣ ማመልከቻውን የሚጽፍ ወጣት አስቀድሞ አንድ ሳምንት በርሜሉ ሰው አጠገብ ይቀመጥ እላለሁ። በቀን ስንት በርሜል እንደሚሰነጥቅ ይቁጠር፤ ለመቀጥቀጥ ስንት ካሬ ሜትር እንደሚበቃው ይለካ፤ ከቆራሌው በስንት እንደሚገዛ ይጠይቅ። መርካቶ ውስጥ በየቦታው መስታወት የለበሱ ፎቆች እየበቀሉ ነው። ለሱቅና ለቢሮ ይሆናሉ፤ መዶሻ ግን አያስገቡም። በርሜል አራተኛ ፎቅ ላይ አይቀጠቀጥም፤ ጋሪ የሚደርስበት ምድር ቤት፣ ድምፁን የሚውጥ ግድግዳ፣ ጭሱን የሚያወጣ ጣሪያ ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ሕንፃ ለምናለሽ ተራ እስካሁን አላየሁም። የደብዳቤው የመጀመሪያ መስመር ከዚያ ይጀምር።